ሽንት ቤቱን ያስሸከምኩበት ቀን

ሰው በብዙ ነገር ይኮራል። አንዱ በአያቱ፣ አንዱ በልጁ የማትሪክ ውጤት፣ አንዳንዱ ደግሞ የስልኩ ካሜራ ሦስት ዓይን ስላለው ብቻ ይኮራል። እኔ የምኮራው በፈጠራ ነው። የራሴ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፤ በዕድሜዬ ከሰበብ በቀር የፈጠርኩት ነገር የለም። የምኮራው የኖርኩባቸው አገሮች ሰዎች በፈጠሩት ነው።

ጅማ ሦስት ዓመት ኖሬአለሁ። እዚያ ያለ ሚስማር፣ ያለ ሙጫ፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ አለ። ወለሉ ቢንጋደድ እንኳ እሱ አይነቃነቅም። ይህን ስናገር ድምፄ ይወፍራል፣ ደረቴም ይነፋል፤ የሚሰማኝ ሰው በርጩማውን የጠረበው አጎቴ ነው ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ጅማ ሳለሁ የምቀመጠው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ነበር።

ሐረርም ኖሬአለሁ። የሐረር ሰው ቤቱን ሲሠራ መቀመጫውን አብሮ ይሠራዋል። መደቡ ደረጃ ደረጃ ስላለው ማን የት እንደሚቀመጥ ቤቱ ራሱ ያውቃል። እንዲህ ያለ ቤት የገባሁት አንድ ቀን ነው፤ ያውም የተበላሸ የውሃ ፓምፕ ልጠግን ሄጄ፣ ስጨርስ በር ላይ ቆሜ ውሃ ጠጥቼ ወጣሁ። የትኛው ደረጃ ላይ እንደምቀመጥ ሳይነግሩኝ ቀሩ።

ኩራቴ አንድ ሕግ አለው። የምኮራው በለቀቅኩት አገር እንጂ ባለሁበት አይደለም። ሐረር ሳለሁ የማወራው ስለ ጅማ በርጩማ ነበር። አርባ ምንጭ ስዛወር ስለ ሐረር ቤት አወራሁ። አሁን ዲላ ከመጣሁ አራተኛ ዓመቴ ነው፤ ሦስቱንም አንድ ላይ አወራለሁ። ወሬዬ ሁሉ «እኛ ጋ» ብሎ ስለሚጀምር የሰፈሩ ሰው «ጋሽ እኛጋ» ይለኛል። እውነተኛ ስሜን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

ሥራዬ የቡና መፈልፈያ ማሽን መጠገን ነው። ቡና ሲደርስ ዕረፍት የለኝም። በሞተር ሳይክል ጨለለቅቱ፣ ከዚያ ሬኮ፣ ማሽን የቆመበት ሁሉ እፈለጋለሁ። ስልኬ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮሃል። «የት ደረስክ? ቶሎ ና እንጂ!» ይሉኛል። ሰው እንዲህ ሲጠብቅህ ደስ ይላል። ማሽኑ ተነስቶ መሽከርከር ሲጀምር ግን የኔም ስልክ ጸጥ ይላል። ቡናው ካለቀ በኋላ ባሉት ወራት የሚደውልልኝ ቁጥር የተሳሳተበት ሰው ብቻ ነው። አንዱን እንዲህ ያለ ደዋይ ከአርባ ምንጭ በላይ ስላለው የጨንቻ ቤት ሩብ ሰዓት ያህል ነግሬዋለሁ። ጨዋ ሰው ነበር፤ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

የምኖረው እትዬ አስቴር ግቢ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። እትዬ አስቴር ከዲላ በላይ ያለችው የደጋዋ ቡሌ ተወላጅ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ልጆቻቸውም አግብተው ወጥተዋል። የእሳቸውንና የኔን ክፍል የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። እሳቸው ሲያስነጥሱ እኔ ይማርዎ እላለሁ። ከዚህ ያለፈ ግን ብዙም አንነጋገርም። ማለቴ እኔ እናገራለሁ፤ ደጃፍ ላይ ካገኘኋቸው ስለ በርጩማው እነግራቸዋለሁ።

ታዲያ በየካቲት ወባ ጣለኝ። አራት ቀን ከአልጋዬ አልተነሳሁም። በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ትኩሳቱ ትንሽ ሲበርድልኝ ጣሪያውን እያየሁ አንድ ነገር አሰብኩ። እዚህ ብሞት መጀመሪያ የሚያውቀው ማን ነው? መልሱን አገኘሁት፤ ቡና ሲደርስ ማሽን የሚቆምበት ሰው ነው። ያ ደግሞ ስምንት ወር ይቀረዋል። ፈራሁ። ልጅ ሳለሁ ጨለማ እፈራ ነበር፤ ይኼኛው ግን ከዚያም የባሰ ነበር።

እንደ ተሻለኝ እየተንገዳገድኩ አቶ ጂግሶ ዘንድ ሄድኩ። አቶ ጂግሶ የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። እድር ልግባ አልኳቸው። ደስ አላቸውና በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተራቸውን አወጡ።

«ሥራ?»

«መካኒክ።»

«ቤተሰብ?»

«የለኝም።»

«ተጠሪ?»

«የምን ተጠሪ?»

«ሰው ነዋ። ክፉ አያምጣው እንጂ አንድ ነገር ብትሆን ለማን ነው የምንደውለው?»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «እኛ ጋ ሐረር፣ ቤት ሲሠራ…» ብዬ ጀመርኩ። ስለ መደቡ ነገርኳቸው፤ ግድግዳው ውስጥ ስለተቦረቦረው የዕቃ መደርደሪያም ነገርኳቸው። አቶ ጂግሶ እስክሪብቶአቸውን እንደ ያዙ ሰሙኝ። ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረ ሰው መታገሥ ያውቃል።

«ቤቱ ጥሩ ነው» አሉ ስጨርስ። «ሰውዬውስ ማን ነው?»

«የትኛው ሰውዬ?»

«የምንደውልለት።»

ስልኬን አውጥቼ ስም ፍለጋ ገባሁ። «ሬኮ ማሽን» የሚል አለ። «ጨለለቅቱ ትልቁ ማሽን» የሚል አለ። «ጨለለቅቱ ትንሹ ማሽን፣ የሚያፈሰው» የሚል አለ። «ጅማ ጎማ» የሚልም አለ። ወደ ታች ብወርድ፣ ወደ ላይ ብወጣ የሰው ስም አጣሁ። እናቴን ከቀበርኩ በኋላ ቁጥሯን አጥፍቼዋለሁ፤ ምነው ባላጠፋሁት ብዬ የተጸጸትኩት ያኔ ነው።

አቶ ጂግሶ መስመሩን ባዶ ተዉት። «እሁድ ስብሰባ አለን» አሉ። «አባላቱ ማን ነው ብለው ይጠይቁኛል። ምን ልበላቸው?»

«መካኒክ ነው በሏቸው።»

«እሱንማ ያውቃሉ» አሉና ደብተሩን መልሰው በላስቲኩ ጠቀለሉት።

እንግዲህ እስከ እሁድ ድረስ ማን እንደሆንኩ ለሰፈሩ ማሳየት ነበረብኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ቤት ለቤት እየዞረ ሰላም ይላል፣ የታመመ ይጠይቃል። እኔ ግን የመረጥኩት ሽንት ቤት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሙስ ጠዋት እትዬ አስቴር ግቢው መሃል ቆመው ሲያዝኑ አገኘኋቸው።

«ሽንት ቤቱ ሞልታለች» አሉኝ። «አዲስ ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ አናጺ ይመጣል፣ ቤቱን ያፈርሳል፣ እዚያ ጋ ይሠራል።»

«ያፈርሳል?» አልኩ እንደ ተሰደበ ሰው። «እኛ ጋ ጨንቻ ቤት አይፈርስም! ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቤቱን እንዳለ ያነሱትና ተሸክመው ሌላ ቦታ ያስቀምጡታል።»

«ቤት ይሸከማሉ?»

«ቤት ይሸከማሉ።»

«ሰው ውስጧ እያለ?»

«አንዳንዴ» አልኩ። ይህችን ከየት እንዳመጣኋት እስካሁን አላውቅም።

እዚህ ላይ ለእናንተ ብቻ ልናዘዝ። የኖርኩት አርባ ምንጭ ነው፤ ጨንቻ ደግሞ ተራራው ላይ ነው፤ እዚያ የወጣሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ዕለት ደግሞ ጉም ነበር። አንድ ትልቅ ነገር በጉሙ ውስጥ ሲንቀሳቀስ አይቼ «ይኸው ቤቱ!» ብዬ ብሮጥ ቀርከሃ የጫነ አህያ ሆኖ ተገኘ። ቤት ሲሸከሙ አላየሁም። የነገረኝ የሚኒባስ ረዳት ነው።

እትዬ አስቴር አናጺውን አስቀሩልኝና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ የጠራሁት ደቦ ተሰበሰበ። አቶ ጂግሶ መጡ። ጎረቤታችን ባለ ሱቁ ጋሽ ከድር ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። ከጀርባ ግቢ የተከራዩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም መጡ። በድምሩ አሥራ ሁለት ሰው። ዲላ አራት ዓመት ስኖር አሥራ ሁለት ሰው ለኔ ብሎ ሲሰበሰብ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የተሰበሰቡት ለሽንት ቤቱ ነው የምትሉ ካላችሁ አውቃለሁ፤ ያን ሰዓት ግን ልዩነቱ አልታየኝም።

የጨንቻ ቤት በቀርከሃ የተሸመነ ስለሆነ እንደ ቅርጫት ይነሳል አሉ። የእትዬ አስቴር ሽንት ቤት ባህር ዛፍና ቆርቆሮ ነው፤ ምሰሶዎቹም መሬት ውስጥ ተቀብረዋል። ይህ ትንሽ ልዩነት ነው ብዬ ምሰሶዎቹን ከሥር በመጋዝ ቆረጥኳቸው። በሩ እንዳይወዛወዝ ከውጭ በሽቦ አሰርኩት። ከዚያ «ጣሪያውን ከውስጥ የሚደግፍ ሰው ያስፈልጋል» ብዬ በታች በኩል ሾልኬ ገባሁ።

«ፋዘር፣ እዛ ውስጥ ሰላም ነው?» አለ አንዱ ተማሪ።

«አንሱ!» አልኩ።

አነሱት። እውነቴን ነው፣ ተነሳ! እኔ ከውስጥ ምሰሶ አቅፌ አብሬ መራመድ ጀመርኩ። በግድግዳው ሥር የሚታየኝ ጫማ ብቻ ነው። የተማሪዎቹ ስኒከር፣ የጋሽ ከድር ሸራ ጫማ፣ የአቶ ጂግሶ ከእግራቸው የሚሰፋ ቦቲ። ሰፈሬን ከእግሩ ጀምሬ ተዋወቅኩት።

«ወደ ግራ!» ብዬ አዘዝኩ።

በአራት አቅጣጫ የቆመ ሰው አራት ግራ እንዳለው እኔ አላሰብኩም። ሁሉም ወደየግራው ሲሄድ ቤቱ ባለበት ዞረ።

«ወደ ቀኝ!»

አሁንም ዞረ።

«ፋዘር፣ የማን ቀኝ ነው?»

በዚህ መሃል ያ የዲላ ዝናብ ሳይነግር መጣ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የራሴን ድምፅ እንኳ መስማት አቃተኝ። ሰዎቹ ጉድጓዱ ጋ ለመድረስ መሮጥ ጀመሩ፤ እኔም በውስጥ ሮጥኩ። የአዲሱ ጉድጓድ አፍ በግንድ ተረብርቦ በጭቃ ተመርጓል፤ መሃሉ ላይ ቀዳዳዋ አለች። ሁላችሁም የምታውቋት ቀዳዳ ናት። የግራ እግሬ እስከ ጭኔ ገባባት። «እግሬን!» ብዬ ብጮህ ማን ይሰማል? ቤቱን ለቀቁትና ሁሉም ወደ በረንዳው ሮጠ።

ጉድጓዱ አዲስ ነው፤ ለዚህ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ጉልበቴ ግን በሁለት ግንድ መሃል ተቀርቅሮ አልወጣ አለ። ጀርባው ወደ ጋሽ ከድር ግንብ መሆን የነበረበት ቤት ዞሮ ዞሮ በሩ ግንቡ ላይ ተለጥፏል። እኔ የያዝኩትን ምሰሶ እንዳቀፍኩ፣ በአንድ እግሬ ዲላ ላይ፣ በአንድ እግሬ ከዲላ በታች ሆኜ ቀረሁ።

ዝናቡ ቀስ በቀስ ሲያባራ ከበረንዳው ድምፃቸው ይሰማኝ ጀመር። ርቀቱ ከአሥር እርምጃ አይበልጥም።

«ሰውዬው የታል?» አሉ ጋሽ ከድር።

«ክፍሉ ገብቶ ዘግቶ ይሆናል» አለ አንድ ድምፅ። «እሱ መሄድ ያውቅበታል።»

«አገሩ ግን የት ነው?»

«ጅማ መሰለኝ።»

«የለም፣ ሐረሬ ነው። ለኔ ሐረር ነው ያለኝ።»

«ኸረ አርባ ምንጭ ነው!»

«እኔ ደብተር ላይ ባዶ ነው» አሉ አቶ ጂግሶ። «ነገ ስብሰባው ላይ ምን እንደምላቸው እንጃ።»

ከዚያ የእትዬ አስቴር ድምፅ መጣ።

«ሰሞኑን አራት ቀን ታሞ ነበር» አሉ። «አራተኛ ቀን ነው ያወቅኩት፤ ፊቱ ቢጫ ሆኖ ሲወጣ። ከኔ ጋር ግድግዳው አንድ ነች። ሳል ሲያስል እሰማለሁ፣ ቢጠራኝ አልሰማም? ስለ በርጩማ ስንት ጊዜ ነገረኝ። አንድ ቀን እንኳ ‹ውሃ ስጪኝ› አላለኝም።»

በቆርቆሮው ቀዳዳ በረንዳው ይታየኛል፤ እትዬ አስቴር ወደኔ ክፍል በር እያዩ ነበር። እውነታቸውን ነው። አራት ቀን ሙሉ ያ ግድግዳ አጠገቤ ነበረ፤ እጄን ብዘረጋ እነካው ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ አላንኳኳሁም። ሰው እንዳላስቸግር ነው እል ነበር። አሁን ግን፣ እግሬ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ መዋሸት ስላቃተኝ ይመስለኛል፣ ነገሩ ኩራት እንደነበር ገባኝ። የሰው አገር ፈጠራ ይዤ መኩራት እንጂ «ውሃ ስጡኝ» ማለት አልተማርኩም። ውሃ ከለመንኩ እንግዳ መሆኔ የሚታወቅብኝ ይመስለኝ ነበር፤ እነሱ ግን ለካ ዱሮም ያውቁታል።

ታዲያ አሁንም ዝም ለማለት አሰብኩ! ሰዎቹ ይሄዳሉ፣ ከዚያ ምሰሶውን ነቅዬ ግንዱን ፈልቅቄ እወጣለሁ፣ ማንም አያይም። እስኪጨልም መቆየት እችላለሁ፤ ብቻዬን መቆየት ከኔ በላይ የሚችል የለም። ቀጥሎ ጉልበቴን ሳነቃንቀው አንድ ነገር ቀጭ አለ። አፌን ከፈትኩ። እኔ አፌን ስከፍት የሚወጣው «እኛ ጋ» ስለሆነ እሱ እንዳይወጣ ምላሴን ያዝ አደረግሁት።

«እትዬ አስቴር!»

በረንዳው ላይ ያሉት ሁሉ ወደ ክፍሌ በር ዞሩ።

«ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ። ሽንት ቤት ውስጥ ነኝ።»

«ሆድህን ይዞሃል እንዴ?»

«አይ፤ እግሬን ነው የያዘኝ።»

ሲሮጡ ጭቃው ሲንጫጫ ተሰማኝ። በሩ ግንቡ ላይ ስለተለጠፈ አልከፈት አለ። ቤቱን እንደገና እናንሳው ቢሉ እግሬ ከግንዱ ጋር ነው። መጨረሻ ላይ ጋሽ ከድር ከሱቃቸው መዶሻ አመጡና ቆርቆሮውን አንድ በአንድ ነቀሉት። እንዲህ ሆኖ የጨንቻ ፈጠራ ዲላ ላይ ፈረሰ፤ አናጺው ቢመጣ ኖሮ ከመጀመሪያው የሚያደርገውን ነው ያደረጉት። ግድግዳው ሲነሳ አሥራ ሁለት ሰው እና እኔ ፊት ለፊት ተያየን። መጀመሪያ የሳቁት አቶ ጂግሶ ናቸው። ከዚያ ተማሪዎቹ መሬት ላይ ሊወድቁ ደረሱ። አንዱ ስልኩን ሊያወጣ ሲል እትዬ አስቴር እጁን መቱት።

እትዬ አስቴር የእንሰት ቃጫ ገመድ ይዘው መጡ። በብብቴ ሥር አዙረው፣ ደረቴ ላይ አንድ ቋጠሮ ቋጠሩ። ሲጎትቱት የማይጠብቅ፣ ሲለቁት ደግሞ የማይፈታ ዓይነት ቋጠሮ። ሞተር ስጠግን ዕድሜዬን ገመድ ቋጥሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም።

«ይህን የት ተማሩት?» አልኳቸው።

«ቡሌ። ላም ገደል ስትገባ በዚህ ነው የምናወጣት። አጥንቷ አይሰበርም።»

«ማን ፈጠረው?»

ገመዱን ይዘው ቀና ብለው አዩኝ። በአራት ዓመት ውስጥ ስለ እሳቸው አገር የጠየቅኳቸው የመጀመሪያው ጥያቄ መሆኑን ሁለታችንም እኩል ያወቅን ይመስለኛል።

«እናቴ አሳየችኝ» አሉ። «እሷን ማን እንዳሳያት አልጠየቅኩም። በል አሁን እጅህን አንሳ።»

ስድስት ሰው ጎተተኝ። ሱሪዬ ከግንዱ ጋር ቀረ፤ እኔ ወጣሁ። አጥንቴም አልተሰበረም፤ ጉልበቴ ብቻ የደረሰ ፓፓያ አከለ።

በረንዳ ላይ በእትዬ አስቴር ጋቢ ተጠቅልዬ ስቀመጥ አቶ ጂግሶ ያን በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር አወጡ። እሁድ ነገ ነው። አጠገቤ ቁጭ አሉና መስመሯን በጣታቸው አሳዩኝ።

«ተጠሪ» አሉ።

የማወራውን ፈለግሁ። በርጩማውም ቤቱም አልመጣልኝ አለ።

«አስቴር ብለህ ጻፍ» አሉ እትዬ አስቴር፣ ጭቃ የነካውን ገመድ እየጠቀለሉ።

«ዝምድና?»

«ግድግዳ።»

«ግድግዳ ዝምድና አይደለም፣ አስቴር።»

«አንተ ጻፍ።»

አቶ ጂግሶ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፉበት በነበረው በዚያ ውብ የአስተማሪ ጽሕፈት ጻፉት።

እሁድ ጉልበቴ ስላበጠ ስብሰባው አልሄድኩም። ከቀትር በኋላ አቶ ጂግሶ በመስኮቴ ብቅ ብለው ገብተሃል አሉኝ። ማን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ግማሾቹ ራሳቸው ጎትተውኛል። ካወሩ በኋላ ሄዱ። ክፍሌ እንደ ሁልጊዜው ጸጥ አለች። ስልኬ አልጠራም። ጎኔ ያለውን ግድግዳ አየሁት፤ ኖራው የተላጠ፣ ጭድ የሚታይበት ተራ ግድግዳ ነው። ብዙ አየሁት። ከዚያ በጣቴ መታ መታ አደረግሁት።

«ምነው?» አሉ እትዬ አስቴር ከወዲያ።

«ውሃ ይስጡኝ።»

«ጠዋት ጀሪካን ሞልቼልህ አልነበር? አለቀች?»

ጀሪካኑ አልጋዬ ሥር ነው፤ እስከ አንገቱ ሙሉ።

«አላለቀም» አልኩ።

ከዚያ ነጠላ ጫማቸውን ሲፈልጉ ሰማሁ።

«መጣሁ» አሉ።